ዝም ያለ ተማሪ ሁሉ ያልገባው አይደለም
(በእድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በአስተማሪ አባላት ስም የተነበበ)

እንደሚታወቀው እድር የሚሰበስበን ለክፉ ቀን ነው። ዛሬ ግን እኛ አስተማሪ አባላት ስለ ክፍል ሥራችን ጥቂት እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ከልብ እናመሰግናለን። ነገሩ በይበልጥ የሚመለከተው የሥራ ጓደኞቻችንን ቢሆንም፣ ወላጅ የሆነ ሁሉ ድርሻ አለበት።

ጉዳያችን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ዝም የሚለው ልጅ ነው። ስልሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል የአስተማሪ ጆሮ የሚያዘነብለው እጅ ወደሚያወጡት አራት አምስት ልጆች ነው። ዝምተኛው ቀስ በቀስ ይርቃል፤ ርቆ ርቆም አንድ ቀን ከነጭራሹ ይቀራል። ታዲያ «ይኸ ልጅ ሰነፍ ነው» ከማለታችን በፊት ዝምታው ከየት እንደ መጣ መጠየቅ ይገባናል።

አንደኛው ምንጭ ቋንቋ ነው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ከደነገገ ወዲህ፣ በጅጅጋም ሆነ በቀብሪ በያህና በቶጎ ውጫሌ ልጆች ሶማልኛን በላቲን ፊደል ይማራሉ። እንግሊዝኛ የምናስተምር ሰዎች ይኽን ልብ እንበል። እንግሊዞች «ሲ» የሚሏት ፊደል በሶማልኛ ጽሕፈት ከጉሮሮ የምትወጣ «ዐ» ናት፤ «ኤክስ» የሚሏትም «ሐ» ናት። ስለዚህ ልጁ «ካት» የሚለውን ቃል «ዐት» ብሎ ቢያነበው፣ ትናንት በደንብ የተማረውን በሥራ ላይ ማዋሉ እንጂ ስንፍና አይደለም። ሶማልኛ «ፐ» የሚባል ድምፅ ስለሌለውም «ፔን» በአፉ «ቤን» ይሆናል። አማርኛ ሲጽፍም «ጠ»ና «ተ» ይምታቱበታል። መላው ቀላል ነው፦ በሰሌዳው ጥግ ሁለት ዓምድ አስምሮ የሶማልኛውንና የእንግሊዝኛውን አነባበብ ጎን ለጎን ማሳየት። የሚፈጀው አምስት ደቂቃ ነው፤ ልጁን ግን ከሳቅና ከሀፍረት ያድነዋል።

ከሌላ አካባቢ የመጣ አስተማሪም ቢሆን ጥቂት ቃል ይማር። ኮው፣ ለበ፣ ሰደሕ፣ አፈር፣ ሸን ብሎ መቁጠር ምን ይከብዳል? ልጁ «አፈር» ሲል አራት ማለቱ እንጂ መሬት ማለቱ አለመሆኑን ማወቅ እኮ አንድ ነገር ነው።

ሁለተኛው ምንጭ የራሳችን ጥያቄ ነው። «ገባችሁ?» ስንል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። ይኸ መልስ ሳይሆን ይሉኝታ ነው። ይልቅስ ጥያቄውን ከሦስት መልሶች ጋር ሰሌዳ ላይ ጽፈን፣ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ብሎ ያሳይ። ማንም ማንን ሳያይ ስልሳውም ይመልሳሉ። ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው ለሁለት ደቂቃ በሚቀናቸው ቋንቋ ይነጋገሩበት፤ ከተነጋገሩ በኋላ በትምህርቱ ቋንቋ ይናገሩ። ቀድሞ ከጓደኛው ጋር የተነጋገረ ልጅ አፉን ለመክፈት ያን ያህል አይፈራም።

ሦስተኛው ምንጭ ሐዘን ነው፤ እዚህ ላይ እድራችን ይገባበታል። አባቱ ወይም እናቱ ሞተው የሰነበተ ልጅ ሲመለስ፣ በክፍል ፊት «የት ጠፍተህ ነው?» ብሎ ማፋጠጥ ነውር ነው። ለብቻው ጠርቶ እንደ ሃይማኖቱ ማጽናናት፣ ያመለጠውንም ከአንድ ጓደኛው ደብተር እንዲገለብጥ ማድረግ ይገባል። የመጀመሪያው ሳምንት ፈተና ይለፈው። ከሁሉ የሚያሰጋን ግን አባት የሞተበት ልጅ ቤቱን ለመርዳት ብሎ ወያላ ሆኖ ወይም ገበያ ውሎ በዚያው መቅረቱ ነው።

ስለ ራሳችን ኑሮም አንድ ሁለት ቃል እንጨምር። ስልሳ ደብተር በአንድ ሌሊት ለማረም አንቀመጥ፤ በቀን አሥር ብናርም በስድስት ቀን ያልቃል፣ ለቤተ ሰብም ጊዜ ይተርፋል። የጠመኔ አቧራ እንዳይጎዳን ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ እንጥረግ። ክፍሉን ለማስታገሥ ከመጮኽ ዝም ብሎ መቆም ይሻላል፤ ጉሮሮ መሣሪያችን ነውና።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይኽን ነው። በአባል ቤት ሞት ሲደርስ የእድሩ ጸሐፊ በዚያ ቤት ተማሪ መኖሩን ጠይቆ ለትምህርት ቤቱ ይንገርልን። በአርባው ገደማም ከእኛ ከአስተማሪዎቹ አንዱ ወደዚያ ቤት ጎራ ብሎ የልጁን ደብተር ይይ። ድንኳን ተክለን፣ ንፍሮ ቀቅለን ሟችን በክብር እንሸኛለን፤ ሟች የተወውን ልጅ ትምህርት ቤት ማቆየትም ከዚሁ ሥራ አንዱ ይሁንልን።