ያላዩትን መፍረድ፣ ያዩትን ማመን

 

የተከበራችሁ የዝግጅታችን ተከታታዮች፣ በዚህ ሰሞን ከደረሱን ጥያቄዎች አንዱን የላኩልን በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። ልጆቻቸው የኢስላምን መነሻ የሚተርከውን «አር-ሪሳላ» የተሰኘ ፊልም ከፍተው ሲያዩ፣ ለጥየቃ የመጡ ዘመድ «ነቢዩን ሰው ሆኖ የሠራበት ፊልም ነው፤ ሐራም ነው፤ አጥፉት!» ብለው ይቆጣሉ። እናትየው «እርስዎ አይተውታል?» ቢሏቸው «አስተግፊሩላህ! እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላይም» አሉ። ጥያቄው «ማጥፋት ነበረብኝ ወይ?» የሚል ነው።

ብይኑ ከመምጣቱ በፊት ነገሩ ምን እንደሆነ ማወቅ ይቀድማል። ይህን ፊልም የሠራው ሙስጠፋ አል-አቃድ የተባለ የሐለብ ተወላጅ ሲሆን፣ ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። አንዱን ታሪክ ሁለት ጊዜ ነበር የቀረጸው፤ በዐረብኛ በዐረብ ተዋንያን፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ በሌሎች። ሐምዛን (ረ.ዐ) በዐረብኛው ግብፃዊው ዐብዱላህ ጘይስ፣ በእንግሊዝኛው አንቶኒ ኩዊን ሠሩት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን በሁለቱም አይታዩም፤ ድምፃቸውም አይሰማም። ሰዎች እርሳቸውን ሲያነጋግሩ ወደ ካሜራው ይመለከታሉ እንጂ እርሳቸውን ሆኖ የቆመ ሰው የለም። አቡበክርም ዑመርም ዑስማንም (ረ.ዐ) አይታዩም። ከዐሊይ (ረ.ዐ) የሚታየው ሰይፋቸው ነው።

ስለዚህ እኚያ ዘመዳችን የተናገሩት እውነት አይደለም። ለዲን ተቆርቁረው መናገራቸው ያስመሰግናል፤ ነገር ግን ለዲን ተብሎ የተነገረ ሐሰትም ሐሰት ነው። በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣ አጣሩ ተብለን የታዘዝነው ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን እንዳንጸጸት ነው፤ የፊልም ወሬ ከዚህ ትእዛዝ ውጭ ነው ያለን የለም።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እዚሁ ዋሽንግተን፣ ማሳቹሴትስ ጎዳና ላይ ያለውን ኢስላሚክ ሴንተር የማያውቅ ከመካከላችን ጥቂት ነው፤ ብዙዎቻችን ጁሙዓ ሰግደንበታል። እ.ኤ.አ. በማርች 1977 አሥራ ሁለት ታጣቂዎች እርሱንና ሌሎች ሁለት ሕንጻዎችን ይዘው ከ130 የሚበልጡ ሰዎችን ለሁለት ቀን ያህል አገቱ። መሪያቸው ከባድ በደል የደረሰበት ሰው ነበር፤ ከአራት ዓመት በፊት ሕፃናት ልጆቹ ሳይቀሩ በቤቱ ውስጥ ተገድለውበታል፤ ገዳዮቹ ይሰጡኝ ይል ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዱ ግን ይኸው ፊልም ከአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ይውጣልኝ የሚል ነው። ፊልሙ እዚህ አገር መታየት የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው፤ «አንቶኒ ኩዊን ነቢዩን ሆኖ ሠራ» የሚለው ወሬ ግን ቀድሞት ተዛምቶ ነበር። በዚያ እገታ አንድ ወጣት የሬዲዮ ጋዜጠኛ ሕይወቱ አለፈ። ነገሩ የበረደው የግብፅ፣ የፓኪስታንና የኢራን አምባሳደሮች ከመሪው ጋር ተቀምጠው ቁርኣን እየጠቀሱ ካነጋገሩት በኋላ ነው።

ወደ እናታችን ጥያቄ ልመለስ። ሰሐቦችን ተዋናይ ሊሠራቸው ይገባል ወይ በሚለው ላይ ዑለማዎች በእርግጥ ተለያይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ረመዳን «ዑመር» የተባለው ተከታታይ ድራማ ሲቀርብ አል-አዝሀር ተቃውሞታል፤ እንደ ሸይኽ ዩሱፍ አል-ቀረዷዊ ያሉት ደግሞ ጽሑፉን ከመረመሩት መካከል ነበሩ። የከለከለውም የፈቀደውም ማስረጃውን ይዞ ነው። ዛሬ ሐምዛን የሠራ ሰው ነገ ሰካራም ሆኖ ይሠራል የሚለው የከልካዮቹ ስጋት እውነተኛ ስጋት ነው፤ የሙዚቃውም ነገር አለ። በዚህ የረካ ሰው በቤቱ ይተወው፤ መብቱ ነው። እኔ ግን እናትየው ባለማጥፋታቸው አልወቅሳቸውም። ልጆቹ ያንን ባያዩ ሌላ ምን ሊያዩ እንደነበር እርሳቸውም እኔም እናውቃለን።

አንደበታችን ሳይጠየቅ የሚሮጥበት ሌላው ነገር የቱርክ ድራማ ነው። «ኤርቱሩል» እ.ኤ.አ. በ2020 ረመዳን በፓኪስታን ቴሌቪዥን በኡርዱ ሲቀርብ ሕዝቡ በጣም ወደደው። ከዚያ ሐሊማን ሆና የሠራችውን ኤስራ ቢልጊችን በኢንስታግራም ፈልገው አገኟት፤ አለባበሷ በድራማው እንዳዩት ስላልሆነ ተግሣጽ አዘነቡባት። ሴትዮዋ የአሥራ ሦስተኛው ክፍለ ዘመን የጎሳ መሪ ሚስት አይደለችም፤ ተዋናይ ናት። ሠላሳና አርባ ክፍል ስላየ ወሊይዋ የሆነ የመሰለውን ሰው ምን እንበለው?

የእኛም ከዚህ አይሻልም። ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 ከጀመረ ወዲህ «ጥቁር ፍቅር»ን የመሰሉ የቱርክ ድራማዎች በአማርኛ ቤታችን ገቡ። ቡና ላይ የሚነሳው «ሙስሊም ናቸው እየተባለ እንዴት ይጠጣሉ?» የሚል ነው። ደራሲ የጻፈው ገጸ ባሕርይ ለአንድ አገር ሕዝብ ምስክር አይሆንም። ከድራማው ደግሞ ወደ ተዋንያኑና ወደ ዘፋኞቹ ጓዳ እንሻገራለን፤ ማን ማንን ፈታ፣ ማን ከማን ወለደ። ጎረቤቷን ለማማት አላህን የምትፈራ እህት የአርቲስትን ትዳር ስትበልት ምንም አይሰማትም፤ ወንዶቹም በታክሲ ማቆሚያ ከዚህ አያንሱም። ሰው ታዋቂ ስለሆነ ሥጋው ሐላል አልሆነም።

አሁን ወደ ራሳችን አገር ታሪክ ልምጣ፤ እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በ«አር-ሪሳላ» ውስጥ የሐበሻው ንጉሥ ነጃሺ አለ። በእንግሊዝኛው የሠራው የቤርሙዳ ተወላጁ ኤርል ካሜሮን ነው፤ ልጆቻችን ነጃሺ ሲባል ዓይናቸው ላይ የሚመጣው የእርሱ ፊት ነው። ጃዕፈር (ረ.ዐ) ከሱረቱ መርየም ካነበበ በኋላ ንጉሡ በበትሩ መሬት ላይ መስመር ያሰምርና በእናንተና በእኛ መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ መስመር አይሰፋም የሚል ቃል ይናገራል። በስብሰባ፣ በሠርግ፣ በሃይማኖቶች የጋራ መድረክ ላይ ይህን እንደ ታሪክ ሲጠቅሱት ሰምታችኋል።

ኢብኑ ሂሻም ከኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) በተላለፈው ዘገባ ያሰፈሩት ግን መስመር አይደለም። ንጉሡ ከመሬት አንዲት ስንጥር አነሱ፤ ጃዕፈር ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) የተናገረው ከእውነቱ የዚህችን ስንጥር ያህል እንኳ እንዳልራቀ ተናገሩ። ዙሪያቸውን የነበሩት መኳንንት አጉረመረሙ፤ እርሳቸው ግን አልተመለሱም፤ ስደተኞቹን በምድራችን በሰላም ኑሩ አሉ፤ የቁረይሾችንም ስጦታ መለሱ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። መስመሩ ሁለት ሃይማኖቶችን ያለካካል፤ ስንጥሯ ግን በአንድ ጥያቄ ላይ፣ መኳንንቱ እያጉረመረሙበት የቆመ ሰው ምስክርነት ናት። ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር በፍቅር ለመኖር የተሠመረ መስመር አያስፈልገንም፤ ስደተኛን አሳልፎ ያልሰጠ ንጉሥ ታሪክ ይበቃናል።

እናታችንም ልጆቻቸውም እየሰሙን ከሆነ፣ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርሱ ፊልሙን ያቁሙትና ስንጥሯን ለልጆቹ ይንገሩ። በሚቀጥለው ዝግጅታችን ኢንሻአላህ ከኢብኑ ሂሻም ሲራ ስለ ሐበሻ ስደት የሚናገረውን ክፍል አብረን እናነባለን፤ መጽሐፉ ያላችሁ ይዛችሁ ጠብቁን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።