«ሕጋዊ ነው» ተብለው ስለሚሸጡት የሄምፕ ከረሜላዎችና መጠጦች
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላይ ላልተገኙ አባሎች እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ የተለጠፈ።)



ባለፈው ስብሰባ «ልዩ ልዩ» በሚለው አጀንዳ ሥር አንዲት እናት የከረሜላ ከረጢት ከቦርሳቸው አውጥተው፣ «ይኼን ከነዳጅ ማደያው ሱቅ ለጉልበትሽ ይሆናል ብለው ሸጡልኝ፤ ልጄ ደግሞ ሐሺሽ ነው አለችኝ፤ የማንን ልመን?» ብለው ጠይቀው ነበር። ያን ዕለት ደፍሮ የመለሰ ሰው አልነበረም። ኮሚቴው ጉዳዩን አጣርቼ እንዳቀርብ አዞኝ ስለነበር ያገኘሁትን እነሆ አቀርባለሁ። የምጠቅሳቸው ቀኖች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ለራስ ጉዳይ ጠበቃ መጠየቅ የየራሳችሁ ድርሻ ነው።

እንግዲህ ለእናታችን የሚሰጠው መልስ ሁለቱም አልዋሹም የሚል ነው። ሄምፕ የሚባለውና ማሪዋና የሚባለው ተክል አንድ ዓይነት ተክል ነው። የሚለያቸው ቲኤችሲ የሚባለው የሚያሰክረው ነገር መጠን ነው። በዲሴምበር 20 ቀን 2018 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የፈረሙት የእርሻ ሕግ፣ በደረቅ ክብደቱ ከመቶ 0.3 የማይበልጥ «ዴልታ 9 ቲኤችሲ» ያለበትን ተክል ሄምፕ ብሎ ከተከለከሉት ዕፆች መዝገብ አወጣው። ዓላማው ገበሬው ለገመድ፣ ለጨርቅ፣ ለዘይትና ለመሳሰለው እንዲዘራው ነበር። በአንዲት ከረሜላ ውስጥ ስንት ሚሊግራም ይገባል ብሎ ግን ሕጉ አልወሰነም።

ነጋዴው ታዲያ በዚህ ቀዳዳ ነው የገባው። እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ከረሜላ 5 ግራም ይመዝናል እንበል። 5 ግራም ማለት 5,000 ሚሊግራም ነው። ከመቶ 0.3 ሲታሰብ 15 ሚሊግራም ይመጣል። እዚሁ ወንዙን ተሻግረን ሜሪላንድ ውስጥ፣ መንግሥት ፈቃድ ሰጥቶት ማሪዋና በይፋ የሚሸጠው ሱቅ እንኳ በአንድ ጊዜ በሚበላ ምግብ ውስጥ ከ10 ሚሊግራም በላይ እንዲያኖር አይፈቀድለትም። ስለዚህ «ሄምፕ ብቻ ነው» ተብላ ከማስቲካው ጎን የተደረደረችው ከረሜላ በመዝገብ ከሚሸጠው ማሪዋና ልትበልጥ ትችላለች ማለት ነው! አንድ ጣሳ መጠጥማ ክብደቱ ብዙ ስለሆነ ሒሳቡን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ሁለት ሌሎች መንገዶችም አሉ። አንደኛው «ዴልታ 8» የሚሉት ነው። ከሄምፕ የወጣውን ሲቢዲ፣ ማለትም የማያሰክረውን ክፍል፣ በኬሚካል ለውጠው የሚያሰክር ያደርጉታል። የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፣ ኤፍዲኤ፣ በ2021 ስለዚህ ነገር ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ሁለተኛው «ቲኤችሲኤ» ያለበት ቅጠል ነው፤ ከረጢቱ ውስጥ ሳለ ቲኤችሲ አይባልም፣ እሳት ሲነካው ግን ይሆናል። ይኼ በእውነቱ ከሕግ ጋር ድብብቆሽ መጫወት ነው፤ በበኩሌ ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙዎቹ ከረጢቶች ላይ «በ50ውም ስቴቶች ሕጋዊ» የሚል ጽሑፍ አለ። አትመኑት። እያንዳንዱ ስቴት የራሱን ሕግ ያወጣል። የኛው ቨርጂኒያ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ባጸናው ሕግ፣ የሚበላም ሆነ የሚጠጣ የሄምፕ ዕቃ በአንድ እሽግ ውስጥ፣ በአንድ ፍሬ አላልኩም፣ በሙሉ እሽጉ ውስጥ ከ2 ሚሊግራም በላይ ጠቅላላ ቲኤችሲ እንዳይኖርበት ወስኗል። ከዚያ የሚያልፈው ሲቢዲው ከቲኤችሲው ቢያንስ 25 እጥፍ ሲሆን ብቻ ነው። በኬሚካል የተሠራው የዴልታ 8 ዓይነትም ለመብል አይሸጥም። ሻጩ ከግብርና መሥሪያ ቤቱ መመዝገብ አለበት፤ ዕቃው የላቦራቶሪ ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ቲኤችሲ ያለበትም ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አይሸጥም። ሕጉን የጣሰ ሱቅ በቀን እስከ 10,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ነጋዴዎች ይኼን ሕግ ለማሳገድ ተከራክረው ነበር፤ በጃንዋሪ 2025 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አልተቀበላቸውም።

ሜሪላንድ ደግሞ በ2023 ባወጣው ሕግ በአንድ ጊዜ ከሚወሰደው 0.5 ሚሊግራም፣ በእሽግ ከ2.5 ሚሊግራም ካለፈ የካናቢስ ፈቃድ የሌለው ሱቅ አይሽጠው ብሏል። ራቅ ብለን ብናይ አይዳሆ ጨርሶ ምንም ቲኤችሲ አይግባብኝ ባይ ነው። ካሊፎርኒያ በሴፕቴምበር 2024 የሚታይ ቲኤችሲ ያለበትን የሄምፕ ምግብና መጠጥ ከመደርደሪያ አስወርዷል። ሚኒሶታ በተቃራኒው በ2022 በአንድ ጊዜ 5፣ በእሽግ 50 ሚሊግራም ድረስ ለ21 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ፈቀደ። ቴክሳስ ምክር ቤቱ ይከልከል አለ፣ አገረ ገዢው በጁን 2025 ውድቅ አደረጉት። ታዲያ ይኼ ሁሉ ባለበት አገር «በ50ውም ስቴቶች» ብሎ መጻፍ ምን የሚሉት ድፍረት ነው?

የፌዴራሉም ሕግ ቢሆን ባለበት አልቆመም። በኖቬምበር 12 ቀን 2025፣ ያ ለ43 ቀን ተዘግቶ የቆየው መንግሥት ሲከፈት በተፈረመው የበጀት ሕግ ውስጥ፣ የሄምፕ ትርጉም ተለውጧል። ቲኤችሲኤም ጭምር ይቆጠራል፤ ከተክሉ ውጭ በላቦራቶሪ የተሠራው ሄምፕ አይባልም፤ ለሸማቹ የሚደርሰውም ዕቃ በአንድ መያዣ ከ0.4 ሚሊግራም በላይ ጠቅላላ ቲኤችሲ አይኑርበት ይላል። ልብ በሉ፣ ቅድም ያሰላነው ከረሜላ 15 ነበር። ሕጉ ሲወጣ ለነጋዴው የሰጠው ጊዜ አንድ ዓመት፣ እስከ ኖቬምበር 12 ቀን 2026 ነው። ሄምፕ ያልተባለ ነገር ደግሞ በፌዴራል ሕግ ፊት ማሪዋና ነው።

አንዳንድ ወጣቶች «ጋሼ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ እኮ ከ2021 ጀምሮ 21 ዓመት የሞላው ሰው አንድ አውንስ ማሪዋና ይዞ ቢገኝ አይከሰስም፤ ምን ያስጨንቀናል?» ብለውኛል። እውነት ነው፣ ስቴቱ አይከስም። የኛን ሰው የሚያገኘው ጉዳት ግን ከስቴቱ ፖሊስ አይደለም የሚመጣው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እናገራለሁና ታገሡኝ።

ከመካከላችን ግሪን ካርድ ይዞ ዜግነት የሚጠብቅ ብዙ ነው፤ ጥገኝነት ጠይቆ የተቀመጠም አለ። የኢሚግሬሽኑ መሥሪያ ቤት በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ማሪዋናን የሚመለከት የፌዴራል ሕግ መጣስ፣ ስቴቱ ቢፈቅድ እንኳ፣ ለዜግነት የሚጠየቀውን «መልካም ጠባይ» ሊያሳጣ እንደሚችል አስታውቋል። የግድ መከሰስ የለበትም፤ በቃለ መጠይቁ ላይ በራሱ አፍ «አዎን፣ ወስጃለሁ» ማለቱም ሊበቃ ይችላል። እንግዲህ እናታችን የገዙት ከረሜላ በፌዴራሉ ትርጉም ሄምፕ ከሆነ ችግር የለም። ሄምፕ መሆኑን ግን በምን ያውቃሉ? ከረጢቱ ስላለ? በ2017 በአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት በኢንተርኔት የተሸጡ 84 የሲቢዲ ዕቃዎችን መርምሮ፣ በላያቸው የተጻፈው የሲቢዲ መጠን ትክክል ሆኖ የተገኘው 26ቱ ብቻ ናቸው፤ በ18ቱ ውስጥ ደግሞ ቲኤችሲ ተገኝቷል። ስለሆነም ወረቀት በሂደት ላይ ያለው ሰው እንዲህ ያለውን ዕቃ ባይነካ ይሻለዋል። የወሰደም ካለ ማመልከቻውን ከመሙላቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። መዋሸት ግን ከነገሩ የባሰ ጣጣ ያመጣል፤ ማንም «ካድ» ብሎ ቢመክራችሁ አትስሙት።

ይኼው ነገር በሱቅ ለሚሠሩትም ነው። የነዳጅ ማደያና የስሞክ ሾፕ ሱቆች ላይ የሚቆሙት ልጆቻችን ናቸው፤ ባለቤቶቹም ከወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። እነርሱን ለመውቀስ አልተነሣሁም። አከፋፋዩ ካርቶኑን አራግፎ «ሕጋዊ ነው፣ ወረቀትም አለው» ብሎ ይሄዳል፤ ቅጣቱ ሲመጣ ግን እርሱ የለም። መሸጥ ደግሞ በኢሚግሬሽን ዓይን ከመጠቀም ይከፋል። ባለ ሱቆች አከፋፋዩን የእያንዳንዱን ዕቃ የላቦራቶሪ ወረቀት ጠይቁት፤ ወረቀቱ ላይ ያለው የምርት ቁጥርና በከረጢቱ ላይ ያለው አንድ ካልሆኑ ካርቶኑን መልሱለት።

ሾፌሮችስ? ሲዲኤል ያላችሁ ሁሉ ስሙ። የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ በፌብሩዋሪ 2020 ባወጣው ማስታወቂያ፣ በሽንት ምርመራ ማሪዋና የተገኘበት ሾፌር «ሲቢዲ ነው የወሰድኩት» ቢል ምክንያቱ እንደማይቆጠርለት በግልጽ ተናግሯል። መሣሪያው ከሄምፕ መጣ ከማሪዋና መጣ ብሎ አይጠይቅም፤ ቲኤችሲ ቲኤችሲ ነው። መንጃ ፈቃዱ እንጀራችሁ ነው። ደግሞም ጭነት ይዛችሁ በ95 ወደ ደቡብ ስትወርዱ፣ ኖርዝ ካሮላይና ማሪዋና መያዝ ወንጀል ነው፤ የቲኤችሲኤውን ቅጠል ፖሊሱ ከማሪዋና በዓይኑም በአፍንጫውም አይለየው።

ለአዲስ አበባ ሻንጣ የምታዘጋጁም፣ ለእናታችሁ ሪህ ብላችሁ ከረሜላውንም ሆነ ዘይቱን እንዳትጨምሩ። በኢትዮጵያ ካናቢስ በወንጀል ሕጉ የተከለከለ ነው፤ የምትሸጋገሩባቸውም አገሮች ጥብቅ ናቸው።

ስለ መድኃኒትነቱ እንድናገር የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ኤፍዲኤ በ2018 ከካናቢስ ተክል የወጣ ንጹሕ ሲቢዲ ያለበትን አንድ መድኃኒት ለአንዳንድ ከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ፈቅዷል፤ እርሱም በሐኪም ትእዛዝ ነው። ለጉልበት ብሎ የፈቀደው የሲቢዲ ከረሜላ የለም። የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሽማግሌዎቻችን በተለይ ለሐኪማቸው ሳይናገሩ ሲቢዲ እንዳይጀምሩ አደራ፤ ከመድኃኒቱ ጋር ይጋጫል።

ሕፃናት ባሉበት ቤት ይኼን ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ማኖር አይገባም። አንዳንዱ ከረጢት ልጆች የሚወዱትን ከረሜላ ቁርጥ ያስመስላል። ልጅ በልቶ ቢገኝ፣ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ሚዛን ካጣ፣ ካስታወከ፣ ሳታፍሩና ሳትደብቁ በ1-800-222-1222 ለመርዝ መረጃ ማእከል ደውሉ፤ ቀንም ሌሊትም ይሠራል፣ አስተርጓሚም አለው፣ ዋጋ አይከፈልበትም። ትንፋሹ ከከበደ ወይም አልነቃ ካለ 911 ነው። ከረጢቱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ሐኪሙ ያነበዋል።

ከረጢቱ ላይ የሚታየው ነገር እንዲህ ነው፦ «ጠቅላላ ቲኤችሲ» በሙሉ እሽጉ ስንት ሚሊግራም እንደሆነ፣ የምርት ቁጥሩ፣ ያመረተው ድርጅት አድራሻ፣ የላቦራቶሪው ወረቀት የሚገኝበት ባለ አራት ማዕዘን ምልክት። «ዴልታ 8»፣ «ዴልታ 10»፣ «ኤችኤችሲ»፣ «ቲኤችሲኤ» የሚል ካያችሁ ተዉት። መጠኑን ጨርሶ ያልጻፈውንም ተዉት። ፊደሉ ከጤፍ ፍሬ ስለሚያንስ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አጉሊ መነጽር አኑረናል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከ3 እስከ 5 ሰዓት በአሜሪካ ሰዓት አቆጣጠር ጽሕፈት ቤቱ ክፍት ነው፤ የገዛችሁት ካለ ከነከረጢቱ አምጡና አብረን እናነበዋለን። ማን እንዳመጣ በመዝገብ አይጻፍም።