ባቡሩስ ለዕቃ ነው፤ ጣቢያው ለማን ነው?

(ይህ ጽሑፍ የድሬዳዋ ነዋሪዎች ስለ ከተማቸው መጓጓዣ በተወያዩበት አንድ ስብሰባ ላይ ያሰማሁት ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲስማማ ጥቂት አሳጥሬዋለሁ።)



ዛሬ ስለ ባቡር ልናገር ነው የመጣሁት። ለድሬ ሰው ስለ ባቡር ማውራት «ለቀባሪው አረዱት» እንደሚያሰኝ አውቃለሁ። እናንተ የሽመንደፈርን ጡሩምባ እየሰማችሁ ያደጋችሁ ናችሁ። እኔ ግን የማወራው ስለ ሎኮሞቲቩ አይደለም። ስለ በሩ፣ ስለ ደረጃው፣ ስለ ወንበሩና ስለ ሽንት ቤቱ ነው። ባጭሩ፣ ሰው ባቡሩ ዘንድ እንዴት ይደርሳል? ጥያቄዬ ይኸው ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ ሐረር እንዲገባ ነበር። ግን የሐረር ዳገት ለባቡሩ ከበደው፤ ወጪውም አስፈራ። ስለዚህ ከተራራው ግርጌ፣ ሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ ኋላ ድሬዳዋ ሆነ። ልብ በሉ! ባቡሩ ዳገት ሲያቅተው «እንደምንም ብሎ ይውጣ» ያለው የለም። መንገዱ ተለወጠለት፤ ከተማም ተሠራለት! ታዲያ ለብረት ይህን ያህል ከታሰበለት፣ ጉልበቷ ለከዳት እናት አንድ ዘቅዛቃ መተላለፊያ መሥራት ምን ያስቸግራል?

አሮጌው ጣቢያ የቆመው ከዚራ ላይ ነው። ገነት ነበር ብዬ አልዋሽም። ፉርጎው ላይ ለመውጣት ጉልበት ይጠይቅ ነበር፤ ሽማግሌውም ነፍሰ ጡሯም ተገፍተውና ተጎትተው ነው የሚሳፈሩት። ግን መሐል ከተማ ነው። በእግርም፣ በጋሪም ይደረስበታል። በሐዲዱ ላይ ከተማ ስለተሠራ፣ ጣቢያውና ሕዝቡ ጎረቤት ነበሩ።

አዲሱስ? የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተመረቀ። መደበኛ ሥራ የጀመረው ደግሞ ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት አለው። የተሳፋሪው ባቡር በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር እንዲሮጥ ታስቦ የተሠራ ነው። ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ፣ አብዛኛው ከቻይና በብድር የመጣ፣ እንደፈሰሰበት ተነግሯል። ኩባንያው ሲቋቋም 75 በመቶው የኢትዮጵያ፣ 25 በመቶው የጅቡቲ ሆነ። ጥብጣብ ተቆረጠ፣ ባንዲራ ተውለበለበ፣ ተጨበጨበ። ጥሩ ነው፤ እኛም አጨብጭበናል።

ጣቢያዎቹ የት ተተከሉ? አዲስ አበባ ላይ ከለገሃር ርቆ ለቡ፣ ከከተማዋ ጠርዝ። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ከከዚራ በርካታ ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ ሜዳ ላይ። ለዚህ ምክንያት አለው። ፈጣን ባቡር ጠመዝማዛ ሐዲድ አይወድም። በከተማ መሐል ማሳለፍ ቤት ማፍረስና ካሣ መክፈል ይጠይቃል። ከሁሉ በላይ መስመሩ ቅድሚያ የታሰበው ለጭነት ነው፤ ከአገሪቱ የገቢና የወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚተላለፈው በጅቡቲ ወደብ በኩል ነዋ! ኮንቴይነር ደግሞ እግር የለው፣ ጥም የለው፣ ሽንት አይዘው። ሜዳ ላይ ቢውል ምን ቸገረው!

ምክንያቱ ከንቱ ነው አልልም። ግን ሂሳቡን የከፈለው ማን ነው? ተሳፋሪው ነው። ከቤቱ እስከ ጣቢያው ያለውን መንገድ በራሱ ኪስና በራሱ ጉልበት ይወጣዋል። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ባጃጅ ሰውየውን ከነወንበሩ አይጭንም። ወንበሩ መታጠፍ አለበት፤ ሰውየው መታቀፍ አለበት። የሚታጠፍ ወንበር ከሌለውስ? ሁለተኛ ባጃጅ ለወንበሩ! እዚያ ደርሶ ደግሞ ደረጃ ከጠበቀው በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሆናል።

መሐንዲሶች ይህን ነገር በሰንሰለት ይመስሉታል። ከቤት እስከ ጣቢያ፣ ከጣቢያው በር እስከ ትኬት መስኮት፣ ከመስኮቱ እስከ መጠበቂያው፣ ከመጠበቂያው እስከ ፉርጎው በር፣ ከበሩ እስከ ወንበሩና ሽንት ቤቱ። አንዷ ቀለበት ከተበጠሰች ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም። ዘጠኝ ቦታ በደንብ ተሠርቶ፣ አሥረኛው ላይ ሁለት ደረጃ ካለ ሰውየው አልተጓዘም ማለት ነው።

ልኩም የታወቀ ነው። ዘቅዛቃ መተላለፊያ ለአንድ እጅ ከፍታ አሥራ ሁለት እጅ ርዝመት ይፈልጋል። 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ቢኖር ከ7 ሜትር በላይ ማለት ነው። ከዚያ ካጠረ ገደል እንጂ መተላለፊያ አይደለም። ተሽከርካሪ ወንበር ለመዞር 1 ሜትር ተኩል ያህል ቦታ ይሻል፤ ጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ ገብቶ መዞር አይችልም። ለዓይነ ስውር ደግሞ በእግርና በበትር የሚዳሰስ፣ ጉብጉብ ያለ ንጣፍ አለ። ጃፓኖች በ1967 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መንገድ ላይ አነጠፉት፤ ከዚያ ባቡር ጣቢያዎቻቸውን ሞላው። የመሳፈሪያው ጠርዝ የት እንደሚያልቅ ለዓይነ ስውሩ የሚነግረው እሱ ነው። ቅንጦት ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

«ሊፍት ይገባል» የሚሉ አሉ። ይግባ! ግን ሊፍት መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ መለዋወጫ ሲጠፋ የዕቃ ማከማቻ ይሆናል። ዘቅዛቃ ኮንክሪት ግን መብራት አይጠይቅ፣ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅ። ለኛ አገር የሚበጀው የቱ እንደሆነ ልብ ያለው ይፍረድ።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን እንዲረዳ ተጽፏል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 ላይ፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ የሚስማማ መግቢያና ሽንት ቤት እንዲኖረው አዘዘ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አገሪቱ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጸደቀች፤ አንቀጽ 9 መጓጓዣን በስሙ ይጠራል። የአዲሱ ባቡር ጣቢያዎች ሲሠሩ አዋጁም ስምምነቱም ነበሩ። ስለዚህ «አላወቅንም ነበር» የሚል ባለሥልጣን ቢመጣ አትቀበሉት።

አሁን ከመሐላችሁ አንዱ፣ «አቦ አታካብድ! ሕዝባችን ደግ ነው፤ ተሸክሞ ያሳፍራል» ሊለኝ ይችላል። ደግነቱን አልክድም። ግን ተሸክመው የሚጭኑትና የሚያራግፉት ዕቃን ነው። ሰውየው ትኬቱን እንደማንኛችንም በብሩ ገዝቷል። ሂሳብ ሲከፍል ሰው፣ ሲሳፈር ጓዝ የሚሆንበት ምን ምክንያት አለ? ደግሞስ ሁለት ጎረምሳ ባይገኝ ቀረ ማለት ነው? ደግነት ሲገኝ ነው፤ መብት ግን ሁልጊዜ ነው።

«ድሃ አገር ነን» ማለትም አያዋጣም። ለ4 ቢሊዮን ዶላር ያልደኸየ አገር ለጥቂት ሜትር ሲሚንቶ አይደኸይም። ጥቅሙም ለአካል ጉዳተኛ ብቻ አይደለም። ልጅ ያዘለች እናት፣ ሻንጣ የሚጎትት ነጋዴ፣ ሪህ የያዛቸው አባት፣ በጦርነት እግሩን ያጣ ወታደር ሁሉ ያልፉበታል። ነገ ደግሞ እኔና እናንተ። እርጅና ወረፋ አይዘልምና።

እንግዲህ ምን እንጠይቅ? አንደኛ፣ ባቡሩ በሚነሣበትና በሚደርስበት ሰዓት ልክ ከከዚራ የሚመላለስ፣ ወለሉ ዝቅ ያለ አውቶቡስ ይመደብ። ሁለተኛ፣ ትኬት ከተማ ውስጥ፣ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው በሚደርስበት መስኮት ይሸጥ። ሦስተኛ፣ በመሳፈሪያውና በፉርጎው መካከል የሚዘረጋ ሰሌዳ፣ እሱን የሚዘረጋም የሠለጠነ ሠራተኛ ይኑር። አራተኛ፣ ማስታወቂያው በድምፅም በጽሑፍም፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማልኛም ይነገር። አምስተኛ፣ ለድሬ ፀሐይ ጥላ፣ ለጥሙ ውኃ፣ ለሽንት ቤቱ ሰፊ በር።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ይቅደም። የከተማው አካል ጉዳተኞች ራሳቸው ከኩባንያው ኃላፊዎች ጋር ከከዚራ ተነሥተው እስከ ፉርጎው ወንበር ድረስ አብረው ይሂዱ። መንገዱን በሜትር ይለኩ፤ ያገኙትንም በጋዜጣ ያውጡት። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል። ለዚህ ሥራ ብድር አያስፈልግም፤ ፈቃደኝነት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ከዛሬው ስብሰባ ሳትወጡ ማመልከቻውን ጽፋችሁ ፈርሙበት።