ሰው ከእንስሳው ጋር ስለምን ይወዳደራል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተነገረ)



ዛሬ በፊታችሁ የምንናገረው ስለ ውድድር ነው፤ ይኸውም ሰው ብቻውን ስለሚሮጠው ሩጫ ሳይሆን፣ ከፈረሱ ወይም ከውሻው ጋር ተጣምሮ ስለሚገባበት ውድድር ነው። ይህ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን ምክንያቱን ብንመረምር ቁም ነገር አገኘንበት።

የመጀመሪያው ምክንያት ስም ነው። በጉግስ ሜዳ አንዱ ዘንግ ይወረውራል፣ ሌላው በጋሻው ይመክታል፤ ያሸነፈው ወደ ቤቱ ይዞ የሚገባው ገንዘብ ሳይሆን ስም ነው። ያውም ስሙ የራሱ ብቻ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ አፄ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ»፣ አፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» የተባሉት በፈረሶቻቸው ስም ነው። ንጉሥ እንኳ በእንስሳው ስም ሲጠራ ኮራ እንጂ አላፈረም።

ሁለተኛው ውለታን ማስታወስ ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ በ1888 ዓ.ም. ከዘማቾች ጋር ዐድዋ የዋሉትን ፈረሶች ለማሰብ ነበር፤ በዓሉም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ይከበራል። የባሕር ማዶ ሰዎችም ለውሾቻቸው እንዲሁ አድርገዋል። በ1917 ዓ.ም. በአላስካ፣ ኖም በምትባል ከተማ፣ ዲፍቴሪያ የሚባለው የጉሮሮ በሽታ ሕፃናትን ባሠጋ ጊዜ፣ መድኃኒቱን በበረዶ ላይ ያደረሱት ተንሸራታች የሚጎትቱ ውሾች ናቸው። 20 ነጂዎች እየተቀባበሉ 1,085 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ በአምስት ቀን ተኩል ጨረሱት። ኋላ ሞተር ውሾቹን ሲተካ፣ ሙያው እንዳይጠፋ በማለት በ1965 ዓ.ም. እስከ ኖም የሚደርስ ታላቅ የውሾች እሽቅድምድም ጀመሩ።

ሦስተኛው የተሰወረ ድካምን መግለጥ ነው። በ1866 ዓ.ም. በዌልስ አገር፣ ባላ በተባለች ከተማ፣ የእረኛ ውሾች ውድድር ተደረገ። በእንዲህ ያለው ውድድር እረኛው ቆሞ ያፏጫል፤ ውሻውም በጎቹን ከሩቅ ሰብስቦ ያመጣል። ማንም ያላየው የብዙ ወራት ትዕግሥት በአንድ ቀን በሰው ሁሉ ፊት ይታያል። ስለዚህ ተወዳዳሪ የሆነ ሰው እንስሳውን ይመግባል፣ ያክማል፤ የከሳ ፈረስ ይዞ ሜዳ የገባ ያፍራልና።

በአምባራስ ግን ውሻችን እንዲህ ያለ ቀን የለውም። ሌሊቱን በጎቻችንን ከጅብ ሲጠብቅ ያድራል፤ ሲነጋ የሚያገኘው ድንጋይ ነው፤ ስሙም ለስድብ ይውላል። እንዴት እንደ ተያዘ የሚጠይቅ የለም። ልቅ ሆኖ ሲዞር የእብድ ውሻ በሽታ ቢይዘው፣ ጥፋቱ ለእኛ ለልጆቻችሁ፣ እንዲሁም በስሜን ተራራ በቁጥር ጥቂት ለሆነው ለቀይ ቀበሮ ይተርፋል።

እንግዲህ ዋንጫና ሽልማት አንጠይቅም። የክትባት ቀን በተነገረ ጊዜ ግን እያንዳንዱ ቤት ውሻውን በገመድ ይዞ ይውጣ፤ ማን አሳምሮ እንዳሳደገ ጎረቤት ይየው፣ ያመስግነውም። የአምባራስ ውሾች የመጀመሪያ የውድድር ሜዳ ይህ ይሁን። እኛ ዘንድሮ ትምህርታችንን ጨርሰን የምንሄድ ነን፤ ታናናሾቻችን ሆይ፣ ገመዱን እናንተ ያዙ።