እናቲቱ ምን በደለች?

እሱ፦ ከንፈሩ የተሰነጠቀ ሕፃን ያዘለች እናት በፎገራዋ ወረታ ገበያ ስታልፍ፣ «ምን በድላ ይሆን?» የሚል አይጠፋም። እርግማን ነው የሚለውም አለ።

እሷ፦ እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው! የፅንሱ ከንፈር የሚገጥመው ከ4ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ነው። ብዙዋ ሴት በዚያ ጊዜ ማርገዟንም አላወቀች። የምን በደል?

እሱ፦ በዘር ነው የሚሉትስ?

እሷ፦ በከፊል። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ አዜዝ ቡታሊ የመሩት ጥናት በጋና፣ በናይጄሪያና በኢትዮጵያ ሰዎች ዘረመል ውስጥ ለላንቃ መሰንጠቅ የሚያጋልጡ ለውጦችን አግኝቷል። ወላጆች ጤነኛ ሆነው አንድ ልጃቸው ከንፈሩ ተሰንጥቆ ከተወለደ ግን፣ በቀጣዩ የመደገም ዕድሉ ከ100 ከ3 እስከ 5 ገደማ ነው።

እሱ፦ ፍርሃቱ ግን መቶ በመቶ! ሌላውስ ምክንያት?

እሷ፦ ሲጋራ፣ አልኮል፣ ከእርግዝና በፊት የነበረ የስኳር በሽታ፣ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች። መድኃኒቱን በራስ ማቆም ግን ሌላ አደጋ ነው፤ ሳይረገዝ ሐኪም ይማከር።

እሱ፦ የፎገራ ሽንኩርት ላይ የሚረጨው ኬሚካልስ?

እሷ፦ ይጠረጠራል፤ ማስረጃው ግን እንደ ሲጋራው አልጠነከረም። ቢሆንም ነፍሰ ጡር እርጭት አጠገብ ምን ትሠራለች?

እሱ፦ ይከላከላል የሚባለው ፎሊክ አሲዱስ? ዱቄት ውስጥ ይገባል ተብሎ የለ?

እሷ፦ የስንዴ ዱቄት ውስጥ ነዋ! ፎገራ የሩዝና የጤፍ አገር ነው። የፎሊክ አሲድ እንክብል የከንፈር መሰንጠቅን ለመከላከል ያለው ጥቅም ቢያከራክርም፣ የአከርካሪ ክፍተትን ለመከላከል ግን የተረጋገጠ ነው።

እሱ፦ የተወለደውስ?

እሷ፦ ከንፈሩ ከ3 ወር ጀምሮ፣ ላንቃው ብዙውን ጊዜ ከ18 ወር በፊት በቀዶ ሕክምና ይጠገናል። እስከዚያ ጡት መሳብ ካቃተው፣ ወተቷ ታልቦ ቀና አድርጋ በማንኪያ ትስጠው።