ፊውዝ የቤት ዘበኛ ስለ መሆኑ የተነገረ ንግግር



ከደቻቱ ወንዝ በስተ ምዕራብ ያለው የድሬዳዋ ሰፈር ከዚራ፥ ምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. በደረሰ ጊዜ የተቆረቆረ ነው። በከዚራም ቢሆን በሌላ ከተማ፥ ኤሌክትሪክ ወደ ቤት ሲገባ አስቀድሞ በቆጣሪ፥ ቀጥሎም በፊውዝ ወይም በብሬከር ያልፋል። ከዚያ በኋላ ማብሪያ ማጥፊያው መንገዱን ይከፍታል ይዘጋል፤ አምፑሉ ያበራል፤ ሶኬቱም ለምጣዱና ለራዲዮኑ ኃይል ይሰጣል። የፊውዝ ሥራ ግን ክፉ ቀን ሲመጣ ከሁሉ በፊት መቃጠል ነው።

ነገሩም እንዲህ ነው። ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይሞቃል፤ የሚያልፈው እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በ220 ቮልት የሚሠራ ባለ 100 ዋት አምፑል ግማሽ አምፔር እንኳ አይሞላም፤ ባለ 3,500 ዋት ምጣድ ግን 16 አምፔር ያህል ይስባል። ለመብራት በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ እንዲህ ያለ ምጣድ ቢሰካ፥ ወይም ሁለት ራቁት ሽቦዎች ቢነካኩ፥ የሽቦው ልባስ ይቀልጣል፤ እሳቱም ሰው ሳያየው በግድግዳው ውስጥ ይነሣል። በፊውዙ ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ ግን ቀድሞ ቀልጦ መንገዱን ይቈርጣል። ይህንንም ብልሃት ብሬጌ የተባለ ፈረንሳዊ፥ የቴሌግራፍ ጣቢያዎች ከመብረቅ እንዲድኑ በ1847 እ.ኤ.አ. መክሮ ነበር።

ዳሩ ግን ብዙ ሰው ፊውዝ ሲቃጠልበት፥ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ይጠመጥምበታል። መብራቱ ይመለሳል፤ የቤቱ ዘበኛ ግን ጠፍቷል። ስለዚህ አስቀድሞ ዋናውን ማጥፊያ መዝጋት፥ ቀጥሎ ጥፋቱን መፈለግ፥ በመጨረሻም በባለ 10 አምፔር ፊውዝ ፈንታ ባለ 10 አምፔር መተካት ይገባል። ብሬከርም ደጋግሞ ቢወድቅ፥ ምክንያቱን ሳያውቁ ደጋግሞ ማንሣት አይገባም።

ደግሞ አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውንና ቤቱን እንጂ የሰውን ነፍስ አይደለም። ሰውን ለመግደል የአምፔር አንድ ዐሥረኛ ይበቃል፤ ባለ 10 አምፔር ፊውዝም ይህን ያህሉን ከቁም ነገር አይቈጥረውም። እርጥብ እጅ ከሶኬት ይራቅ፤ የምጣዱም የመሬት ሽቦ አይቈረጥ።

መምህር ይህን ለተማሪዎች ለማሳየት ቢፈልግ፥ በቤት ኤሌክትሪክ ፈጽሞ አይሞክር። ሁለት የባትሪ ድንጋዮችን አጋጥሞ፥ ከዕቃ ማጠቢያ የብረት ሽቦ አንዲት ቀጭን ዘለላ መዝዞ፥ በሸክላ ሳሕን ላይ በሁለት የመዳብ ሽቦዎች ጫፍ መካከል ያገናኛት። ዘለላዪቱ ግላ ትበጠሳለች፤ ወፍራሙ መዳብ ግን እንደ ነበረ ይቀራል። ሕፃኑም ይህን አይቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ፥ አባቱ በፊውዙ ላይ የጠመጠመውን መዳብ ትርጕም ያውቃል።

ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶች፥ ለዚህም ይሆናል።