የማለዳ እንቅፋት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ሰው ማለዳ ተነሥቶ ወደ ሥራው ለመሄድ ሲሰናዳ ጥቃቅን ነገር ይፈታተነዋል። ቡናው ይገነፍላል፤ የጫማው ማሰሪያ ይበጠሳል፤ ቁልፉ ካኖረበት ይታጣል፤ ሲወጣም ጎረቤት በወሬ ያቆመዋል። ነገሩ ኢምንት ነው፤ ቁጣው ግን ከባድ ነው። ከቤት የተነሣው ቁጣ እስከ መሥሪያ ቤት ተከትሎት ይሄድና፣ ከሩቅ አገር መጥታ ከደጅ በምትጠብቅ ባልቴት ላይ ይወርዳል።

ይህን የምንናገረው በሌላው ለመፍረድ አይደለም። እኛም አንድ ማለዳ ለጸሎተ ኪዳን ስንገሠግሥ አዳለጠንና ነጠላችን በጭቃ ተበላሸ። ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የተቀመጠ ነዳይ «እኔን፣ አባቴ!» ቢለን፣ ያፌዘብን መስሎን ገሠጽነው። ከዚያም ገብተን ኪዳኑን አደረስን፤ ከንፈራችን ጸለየ፣ ልባችን ግን ከደጅ ቀረ። ጸሎቱ ሲፈጸም ወጥተን ይቅርታ ብንለምነው፣ «እኔስ እንዳይጎዱ ፈርቼ ነበር» አለን። ነጠላው ታጥቦ ነጻ፤ ያ ቃል ግን እስከ ዛሬ ይወቅሰናል።

ማርታም ጌታችንን በቤቷ ተቀብላ ሳለች በመስተንግዶው ተጨንቃ በእኅቷ ላይ አጉረመረመች (ሉቃ. 10፥38-42)። ጌታችን የነቀፈው ማገልገሏን ሳይሆን ልቧ መከፋፈሉን ነው።

እንግዲህ ልጆቻችን ሆይ፤ ደጃፋችሁን ሳትሻገሩ አማትቡ፤ የነግህን ጸሎት አድርሱ። እንቅፋት ሲመታችሁ ከመቆጣት አስቀድማችሁ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በሉ። የፈሰሰ ቡና ይጠረጋል፤ ያዘነ ልብ ግን በቶሎ አይጠገንም።

ሌሊቱን አሳልፎ ለማለዳው ብርሃን ያበቃን አምላክ ቀናችንን በሰላም ያውለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።